ባዶ የቀረው የገመድ ጫፍ

ዲርጋ ፕራጃፓቲ ስለ ራሱ ሲያወራ ሰምታችሁ ከሆነ፣ የሰማችሁት ሌላ ሰው ነው። እኔ የምነግራችሁ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በሚኒባሴ የፊት ወንበር ላይ ሲቀመጥ የኖረውን ዲርጋ ነው። ስሜ ቡድራ ነው፤ ሹፌር ነኝ። እሱ ፊቱን ወደ ቱሪስቶቹ አዙሮ በድምፅ ማጉያ ያወራል፣ እኔ ፊቴን ወደ መንገዱ አድርጌ እሰማለሁ። ሹፌር ከመኪናው ዕቃ እንደ አንዱ ስለሚቆጠር ነው መሰለኝ፣ ከእኔ የሚደብቀው ነገር የለም።

ሥራውን ያውቃል፤ ይህን አልነፍገውም። በካትማንዱ ውስጥ የእያንዳንዱን ቤተ መቅደስ ጣሪያ ማን እንዳሠራው፣ የትኛው የመሬት መንቀጥቀጥ እንደጣለው፣ ማን መልሶ እንዳቆመው ሳይደናቀፍ ይዘረግፈዋል። ዝንጀሮዎቹ ወዳሉበት ጉብታ በሚያወጣው ደረጃ ላይ እንግዶቹ ትንፋሽ የሚያጥራቸው የት ላይ እንደሆነ ስለሚያውቅ፣ ልክ እዚያ ሲደርስ ያችኑ የአሥራ አራት ዓመት ቀልዱን ያወጣታል። ይስቃሉ። እኔ ታች መኪናው ውስጥ ሆኜ ሳቁን ስሰማ አሁን የት እንደደረሱ አውቃለሁ።

ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ጥፍሩን ግን የሚያጸዳበትን መንገድ ብታዩ ትገረማላችሁ። ትንሽ ብሩሽ በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ቀይ መብራት ላይ በቆምን ቁጥር ያወጣታል። አንድ ቀን «ሰውዬ፣ ሙሽራ ልትሆን ነው እንዴ?» ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም። በልጅነቱ ለትምህርት ወደ ከተማ ሲላክ የክፍሉ ልጆች «ጭቃው» ይሉት እንደነበር የነገረኝ ያን ቀን ነው። የቲሚ ልጅ ነውና። ቲሚ ከካትማንዱ በስተምሥራቅ ያለች የሸክላ ሠሪዎች ከተማ ናት፤ አደባባዩ ሁሉ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ጋንና ገንቦ ነው። አባቱ ጃጋት ስልሳ ዓመት ሙሉ ጭቃ በሚያሽከረክር አንድ መንኮራኩር ፊት ቁጢጥ ብለው ሸክላ የሠሩ ሰው ናቸው። ዲርጋ የበኩር ልጅ ነውና መንኮራኩሩ ለእሱ ነበር የሚገባው። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ጥሎ ወጣ። አባትየው አልተቆጡም፤ «እጁ ቀጭን ነው፣ ለጭቃ አይሆንም» ብለው ለጎረቤት ሁሉ ስለ ልጃቸው ራሳቸው ሰበብ ሰጡ። ይህን የማውቀው እኔም በቲሚ፣ ከእነሱ ቤት ሦስት በር አልፎ፣ አሥራ አንድ ዓመት ተከራይቼ ስለኖርኩ ነው።

አባትየው የሚሠሩት በአብዛኛው የእርጎ ሳህን ነው። በጎረቤቷ ከተማ በባክታፑር የሚሸጠው ያ ወፍራም እርጎ በሸክላ ሳህን ካልሆነ አይረጋም። ዲርጋ እንግዶቹን ሁልጊዜ ወደ አንድ እርጎ ቤት ያስገባቸዋል። በልተው ሲጨርሱ ባዶውን ሳህን ገልብጦ ከሥሩ ያለችውን ስርጉድ ያሳያቸዋል። «ይኸውላችሁ፣ ሸክላ ሠሪው ከመንኮራኩሩ ሲያነሳው አውራ ጣቱን ያሳረፈበት ቦታ» ይላል። ፈረንጆቹ እየተፈራረቁ ጣታቸውን ይከቱበታል፣ ፎቶ ያነሱታል። ጣቱ የማን እንደሆነ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም። እኔም ጥግ ላይ ቆሜ እርጎዬን እየበላሁ አንድም ቀን አልተናገርኩም።

እንግዲህ አባትየው ሰባ ሰባት ዓመት ከሰባት ወር ከሰባት ቀን ሊሞላቸው ሆነ። በሸለቋችን ነባር ሕዝብ በኔዋሮች ዘንድ እዚያ ዕድሜ የደረሰ ሰው በሠረገላ ተቀምጦ በሰፈሩ ይዞራል። የሚጎትቱት ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲያ ሰውየው እንደ አምላክ ይቆጠራል፤ የተጣላው ሁሉ ይታረቀዋል፣ መንገደኛም ቢሆን ጎንበስ ብሎ ምርቃቱን ይቀበላል። ቀኑን ኮከብ ቆጣሪው ያወጣዋል እንጂ እንደ ሠርግ አይገፋም፣ አይሳብም፣ አይደገምም። ከሠረገላው ሁለት ገመዶች መካከል የቀኙ የፊት ጫፍ የበኩር ልጅ ቦታ ነው።

ቀኑ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከአውሮፕላን ጣቢያ ስንመለስ ዲርጋ ብሩሹን አውጥቶ ጥፍሩን እየፈተገ «ጋሽ ቡድራ፣ አንተም ተጠርተሃል አይደል?» አለኝ።

«ተጠርቻለሁ። በዚያ ቀን ከሚመጡት የሆላንድ እንግዶች ጋር ሥራ ላይ ነኝ ብዬ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። እኔ ጎረቤት ነኝ፤ ብቀር ማንም ልብ አይለኝም።»

«እኔም ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«ላንግታንግ ተራራ ላይ ነኝ ብዬ። ስልክ የማይሠራበት ቦታ።»

ፍሬን ልይዝ ምንም አልቀረኝም። «ምን ሆነሃል አንተ? ለአባትህ ሠረገላ?»

«አለቃዬ የዘንድሮውን ዋና አስጎብኚ የሚመርጠው እነዚህ ሆላንዶች በሚጽፉት ነው። ሌላ ሰው ቢወስዳቸው ወንበሩን ሌላ ሰው ወሰደው ማለት ነው። አሥራ አራት ዓመት ጠብቄያለሁ፣ ጋሼ።»

«እሺ፣ ጠዋት ገመዱን ይዘህ ከሰዓት ብትቀላቀለንስ? እኔ በየመንገዱ ጎማ እየቀየርኩ አቆይልሃለሁ።»

«ላንግታንግ ያለ ሰው ለግማሽ ቀን እንዴት ይወርዳል?»

«ጉድ እኮ ነህ! ውሸትህን እንኳ በፕሮግራም ነው የምትመራው» አልኩት። እሱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። አሁን ያን ሳቅ ሳስታውስ መግቢያ አጣለሁ። የዋና አስጎብኚነቱ ነገር እውነት ነበር፤ ግን ሙሉው እውነት እሱ አልነበረም። በባዶ እግሩ፣ ነጭ ለብሶ፣ በሸክላ ሠሪዎች መካከል ገመድ ሲጎትት ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው እንዳያየው ፈርቷል። አልነገረኝም፤ አውቄበታለሁ። እኔም ብሆን ለአባትየው ሄጄ «ልጅዎ እዚሁ ነው» አላልኩም። የሁለታችንም ሥራ ከአንድ ቢሮ ነው የሚመጣው።

ቀኑ ደረሰ። ወሩ ቻይትራ ነበር፣ መጋቢት ግድም፤ ዝናብ የለም፣ አቧራው ከሚቃጠለው ገለባ ጭስ ጋር ተደባልቆ ሸለቆውን እንደ ድስት ክዳን ገጥሞበታል። ስድስቱን ሆላንዶች ይዘን የፀሐይ መውጫ ለማየት ናጋርኮት ኮረብታ ላይ ወጣን። ወጣን እንጂ ምን ይታያል? ከአጥሩ ማዶ ያለው ጥድ እንኳ በግምት ነው። በረዷማዎቹ ተራሮች ሊታዩበት የሚገባው ቦታ ግራጫ ነው፣ ከላይ እስከ ታች ግራጫ።

ዲርጋ ግን ሥራውን አላቆመም። እጁን ወደዚያ ግራጫ ዘርግቶ «እዚያ ላንግታንግ፣ ቀጥሎ ጋውሪ ሻንካር፣ በስተቀኝ ጥግ ደግሞ በጣም ከጠራ ኤቨረስት» ይላል። እንግዶቹ ጣቱን እየተከተሉ ያያሉ። ከመካከላቸው ሄንድሪካ የምትባል በጡረታ ላይ ያለች የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች፤ ማስታወሻ ደብተር ከእጇ አይለይም። «እውነት እዚያ ናቸው?» አለችው።

«እዚያ ናቸው። ጭጋግ ስለሆነ ነው የማይታዩት» አላት።

«እንግዲህ አምንሃለሁ» ብላ ጻፈች። ዲርጋ ወደ እኔ ዞር ብሎ ጠቀሰኝ፤ ብዙ ጊዜ እንዲህ ስናደርግ እንሳሳቃለን። ያን ዕለት ግን ጣቱ ላንግታንግን ሲያመለክት እሱ ራሱ እዚያ ላይ ነኝ ማለቱ ትዝ አለኝና አልሳቅሁም።

ቁልቁል ወርደን ባክታፑር እርጎ ቤት ገባን። በሉ። ሳህኑን ገለበጠ። ሄንድሪካ አውራ ጣቷን ስርጉዷ ውስጥ አሳርፋ ቆየችና «ትልቅ ጣት ነው፣ ትንሽ ወደ ግራ የተጣመመ። ሰውየውን ታውቀዋለህ?» አለችው።

እርጎ ሻጩ፣ ዲርጋን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ሰውዬ፣ ማንኪያውን ይዞ ቀና አለ። ጥቂት እንግሊዝኛ ይሰማል።

«አላውቀውም» አለ ዲርጋ። «ብዙ ሸክላ ሠሪዎች አሉ።»

እርጎ ሻጩ እኔን አየኝ። እኔ እርጎዬን አየሁ። ያንን እርጎ እስከ ዛሬ አልረሳውም። እንደወጣን ዲርጋ ብሩሹን አወጣ፣ መብራት ሳይኖር፣ ሳንቆም።

ዋናው መንገድ ላይ ስንገባ አንድ የነዳጅ ቦቴ ተገልብጦ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ትራፊኩ እየጮኸ ወደ ጎን ይመልሰናል። ከዚያ ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው በደቡብ በኩል በእርሻው መካከል የሚዞረው ነው፤ ሩብ ሰዓት ቢያስረዝም ነው። ሁለተኛው በቲሚ መሐል ያልፋል። እኔ ቲሚን አውቃለሁ፤ ሠረገላው በስንት ሰዓት ከየት ተነሥቶ በየት እንደሚዞር የጥሪ ወረቀቱ ላይ አንብቤያለሁ። መሪውን ወደ ቲሚ ጠመዘዝኩት።

«ጋሽ ቡድራ! ወዴት ነው?» አለ ዲርጋ።

«መንገዱ ተዘግቷል፣ አታይም?»

«በእርሻው በኩል ሂዳ!»

«እሱም ተቆፍሯል» አልኩ። አልተቆፈረም ነበር። ሰዎች ሲጠይቁኝ እስከ ዛሬ ቦቴውን ነው የምከስሰው። እውነቱን ከተናገርኩ ግን እልህ ያዘኝ። የእኔ አባት ሲሞት አልደረስኩም፤ ድንበር ላይ ጭነት አራግፌ ስመለስ ከሞተ ሦስት ቀን አልፎት ነበር፤ ማንም መንገድ አልጠመዘዘልኝም። ዲርጋን እንዲያይ ላስገድደው ፈለግሁ። ምን እንደሚሆን ግን አላሰብኩም። ሰው ሲያዋርዱት ምን እንደሚመስል አላሰብኩም።

ከበሮው ከሩቅ ተሰማ። ከዚያ ዋሽንቱ። ፈረንጆቹ ተንጫጩ፤ «አቁም! አቁም!» ሆነ። ከማቆሜ በሩን ራሳቸው ከፍተው ወረዱ። ዲርጋ የአቧራ መሸፈኛውን ከኪሱ አውጥቶ አፍና አፍንጫው ላይ አሰረ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ሳበ። ከተማው ሁሉ በዚያ ወር መሸፈኛ ስለሚያደርግ ማንም ልብ አይለውም።

«ይህን አውቀህ ነው ያደረግከው» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ቦቴው ነው» አልኩት።

ሠረገላው በጠባቡ መንገድ ዞሮ መጣ። አባትየው ነጭ ጥምጥም ጠምጥመው፣ በአበባ ጉንጉን እስከ አገጫቸው ተሸፍነው ከላይ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ቀይ ጥለት ያለው ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው ከኋላ ይከተላሉ። ወንዶቹ በባዶ እግራቸው ሁለቱን ገመዶች ይዘው ይጎትታሉ። የግራው ገመድ እስከ ጫፉ ሰው አለበት። የቀኙ ገመድ ግን ፊት ላይ አንድ ክንድ ያህል ማንም ሳይዘው መሬት ለመሬት ይጎተታል፤ ጫፉ ላይ የታሰረው ቢጫ አበባ አቧራ ለብሷል። ቦታውን አልሞሉበትም። ታናሽ ወንድሙ ሊይዘው ቢል አባትየው «ተወው፣ ባለቤት አለው» ማለታቸውን በኋላ ሰማሁ።

መጀመሪያ ያየችው እህቱ ናኒማያ ናት። የመዓዛ ውኃ የያዘች ማሰሮ አቅፋ ስታልፍ አጠገቡ ቆመች። መሸፈኛ እህትን አያታልልም።

«ወንድም ጋሼ፣ ከላንግታንግ ወረድክ?» አለችው። «በረዶው እንዴት ነው? እግርህ እንኳ አልረጠበም እኮ።»

ዲርጋ መሸፈኛውን ወደ ላይ ሳበ።

«መንገድ ልቀቅ በል፣ እንግዶችህ እንዳይገፉብህ» ብላ ሄደች። ጆሮው ሲቀላ አየሁ። ያኔ መሪዬን ባልጠመዘዝኩት ብዬ ተመኘሁ፤ ግን ሠረገላው ደርሷል፣ ሆላንዶቹም ከብበውታል።

በእኛ አገር እንግዳ ካቆመ ሠረገላውም ይቆማል። ከበሮው ዝም አለ። የሄንድሪካ ባል ቪም፣ በር ሲያልፍ የሚጎነበስ ረጅም ሰው፣ ወደ ቀኙ ገመድ እያሳየ «ይሄ ለምን ባዶ ሆነ?» አለ። ሄንድሪካ ደብተሯን ከፈተች። «ጠይቅልን» አለችው ዲርጋን። «ሽማግሌውን ጠይቅልን።»

ሌላ ምን ያድርግ? አስጎብኚ ነው። ሁለት እርምጃ ተጠግቶ፣ ዓይኑን ወደ ሠረገላው ጎማ ጥሎ፣ በሰፈሩ ቋንቋ «አባባ፣ እንግዶቹ ይህ ገመድ ለምን ባዶ እንደሆነ ይጠይቃሉ» አለ። ድምፁን ሊለውጥ ሞከረ፤ እንደ ጉንፋን ያዘው ሰው አደረገው። እኔ ከመኪናው በር ላይ ሆኜ ፊቴን አዞርኩ።

አባትየው ብዙ አዩት። የደከመ ዓይን ነው፣ ግን ስልሳ ዓመት የጭቃ ስንጥቅ ሲፈልግ የኖረ ዓይን ነው። ገመዱን የያዙት ወንድሞቹ፣ ሴቶቹ፣ የቤተ መቅደሱ ካህን፣ በመስኮት የተንጠለጠለው ጎረቤት ሁሉ አወቀው። አንዲት ቃል ብትወጣ ዲርጋ በእንግዶቹም በሰፈሩም ፊት ያልቅለታል። አባትየው ያችን ቃል አላወጡም።

«ይበሉልኝ ጌታው» አሉት። አንቱ አሉት፣ የገዛ ልጃቸውን፣ ከከተማ እንደመጣ ትልቅ ሰው። «የበኩር ልጄ ቦታ ነው ይበሉልኝ። እሱ ተራራ ላይ ነው፣ ሥራ ይዞት። ጥሩ ልጅ ነው። ዛሬ ጭጋግ ስለሆነ አይታይም።»

ዲርጋ መተርጎም ነበረበት። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ተረጎመ። ሁለተኛውን ተረጎመ። «ጥሩ ልጅ ነው» የሚለውን ዘለለው። «ዛሬ ጭጋግ ስለሆነ አይታይም» ሲል ሄንድሪካ መጻፏን አቆመች። ጠዋት ከእሱ አፍ የሰማችውን ቃል ነበርና። ቀና ብላ እሱን አየች፣ ከዚያ ሽማግሌውን አየች፣ ከዚያ ገመዱን ይዘው ያቀረቀሩትን ወንዶች አየች። አስተማሪ የነበረች ሰው ናት፤ ተማሪ ሲዋሽ ታውቃለች። ደብተሯን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ባሏ ግን የየዋህ ጥግ ነው። «እኔ ልያዝላቸው? ልጃቸው እስኪመጣ?» አለ በፈገግታ፣ ጫማውን እያወለቀ።

ዲርጋ ይህንንም ተረጎመ።

አባትየው አቧራ የለበሰውን አበባ አዩ። «እንግዳ ነው፣ ይያዝ» አሉ በመጨረሻ። «ቦታው መሬት ለመሬት ከሚጎተት።»

ቪም አበባውን ከአቧራው አራግፎ የገመዱን ጫፍ ትከሻው ላይ አደረገ። ያ ረጅም ፈረንጅ በባዶ ነጭ እግሩ ፊት ሆኖ ሊጎትት ተዘጋጀ። ከዚያ ካሜራውን ከአንገቱ አውልቆ ለዲርጋ ሰጠው። «አንሳኝ» አለው።

ዲርጋም አነሳው። የገዛ አባቱን ሠረገላ ባዕድ ሰው በእሱ ቦታ ቆሞ ሲጎትት፣ ወደ ኋላ እየተራመደ ፎቶ አነሳ። ሁለት ጊዜ «ፈገግ በሉ» አለ፣ በልማድ አፉ ላይ ስላለ። ወንድሞቹ ፈገግ አላሉም። አባትየው ግን ወደ ካሜራው ቀጥ ብለው አዩና ፈገግ አሉ።

ሠረገላው ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄዶ ቆመ። እንግዶቹ ለምርቃት ተሰለፉ። አባትየው ከሩዝ ጋር የተለወሰውን ቀይ ዱቄት በአውራ ጣታቸው እያነሱ በየግንባራቸው አሳረፉላቸው። ዲርጋ መኪናው አጠገብ ሊቀር ሞከረ። ሄንድሪካ ናት በቀስታ ክርኑን ይዛ ያመጣችው፤ «አንተም ሂድ» አለችው፣ ሌላ ምንም አላለችም። ኮፍያውን አወለቀ። መሸፈኛውን አላወለቀም። ጎንበስ ሲል ያ የተጣመመ አውራ ጣት ግንባሩ ላይ ረጅም ጊዜ ተጭኖ ቆየ። ሳህኑን ከመንኮራኩሩ የሚያነሱት በዚህ ጣት ነው።

«መንገድዎ ይቅና» አሉት።

መኪናው ውስጥ እስከ ካትማንዱ ድረስ ማይክሮፎኑን አልነካውም። እንግዶቹም አልጠየቁትም። ቢሮው በር ላይ ስንደርስ መስታወቴን ወደ ራሱ አዙሮ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። ዱቄቱ ለቀቀ፣ ቅላቱ ግን አልለቀቀም፤ ኮፍያውን አደረገ። «አለቃው ይጠብቀኛል» ብሎ ገባ።

ዋና አስጎብኚ ሆነ። ሆላንዶቹ ከሁሉ ቀን ቲሚን አብልጠው ጻፉ፤ «ሰው በሥዕል እንኳ የማያየውን ነገር በእጃችን አስያዘን» አሉ። አለቃው ወረቀቱን በሠራተኛው ሁሉ ፊት አነበበው። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ከሆላንድ ፖስታ መጣ። ያ ፎቶ ነው፣ ትልቅ ሆኖ ታትሞ። ከጀርባው በሄንድሪካ እጅ «ለሽማግሌው፤ እባክህ በራስህ እጅ ስጥልን» ተብሎ ተጽፎበታል። ዲርጋ ፖስታውን ሦስት ሳምንት በመኪናዬ ኪስ ውስጥ አስቀመጠው። በመጨረሻ «ጋሼ፣ አንተ ትሰጥልኛለህ?» አለኝ። «ፖስታ ቤት አደረግከኝ?» ብዬ ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ግን መሪውን የጠመዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ምን አፍ አለኝ?

ወሰድኩላቸው። አባትየው ከመንኮራኩራቸው ሳይነሱ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ተቀበሉኝ። ብዙ አዩት። ስለ ልጃቸው አልጠየቁኝም፤ «መንገዱ እንዴት ነው፣ ነዳጁ እንዴት ነው?» አሉኝ። በሌላ ቀን ሳልፍ ፎቶው በበሩ ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያየው ቦታ ተሰቅሏል። አንድ የጨው ነጋዴ ቆሞ እየሳቀ «አባባ ጃጋት፣ ይሄ ቀይ ሰውዬ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ዘመድዎ ሆነ?» ሲላቸው ሰማሁ።

«እሱ እንግዳ ነው» አሉ መንኮራኩሩን ሳያቆሙ። «ፎቶውን ያነሳው ግን ታላቁ ልጄ ነው። እጁ አይንቀጠቀጥም፣ ታያለህ?»

ይህን ለዲርጋ ነገርኩት። መንገር ነበረብኝ። ቀይ መብራት ላይ ነበርን፤ ብሩሹን ይዞ ነበር። ቆየና ወደ ኪሱ መለሰው።

በሚቀጥለው ሳምንት እርጎ ቤት ገባን፣ በዚህ ጊዜ ከጀርመኖች ጋር። በሉ። ሳህኑን ገለበጠ። እንደ ወትሮው ሊያወራ አፉን ከፈተና ዘጋው፤ የራሱን አውራ ጣት ስርጉዷ ውስጥ አሳረፈ። ጣቱ ትንሽ ነው፤ ስርጉዷ እንደሱ ያለ ሁለት ታስገባለች። «ይህን የሠራው አባቴ ነው» አለ። እርጎ ሻጩ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ኦ! በሕይወት አለ?» አሉ ጀርመኖቹ። «ልናየው እንችላለን? ቅርብ ነው?»

«ቅርብ ነው» አለ ዲርጋ። እኔን አየኝ፤ በዚህ ጊዜ ዓይኔን አልሰበርኩም። «ግን ዛሬ አይሆንም። መጀመሪያ ብቻዬን መሄድ አለብኝ።»

ይህ የሆነው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። አሁን ዝናቡ አልፎ ቲሚዎች እንደገና ሸክላቸውን ፀሐይ ላይ አስጥተዋል። በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ቲሚ በሚያስገባው መገንጠያ እናልፋለን። እኔ እዚያ ስደርስ፣ እንግዳ ቢኖርም ባይኖርም፣ ማርሹን ቀንሼ ቀስ እላለሁ። ዲርጋ በሌላው መስኮት በኩል እያየ ኮፍያውን ያስተካክላል። እስካሁን አውርደኝ አላለኝም።